ለአዲሷ ቀጣሪ

አንቺ ልጅ፣ አለሽ ወይ?

እንዴት ከረምሽ እንዳልልሽ ስንት ክረምት አለፈ! እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው፣ "ያቺ ጓደኛሽ የት ገባች" እያለች ታደርቀኛለች። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን እንተወው። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ አንቺ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔ ወደ ዘመድ ተበተንን። ከዚያ ስልኬ ጠፋ፣ ቁጥርሽም አብሮ ሄደ። ስመለስ ደግሞ ቤት ማጽዳቱ፣ ሥራው፣ ኑሮው... በቃ እንደዚያው ሆኖ ቀረ።

የምጽፍልሽ ወሬሽን ሰምቼ ነው። ባለፈው እናትሽን ሰኞ ገበያ አገኘኋቸው። ልብስ ስፌት ከፍታለች፣ ሃያ ምናምን ሰው ቀጥራለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ታሰፋለች እያሉ እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ደስ ሲል! እንኳን ደስ አለሽ፣ ከልቤ ነው። ቀጥለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ "ለሠራተኞቿ ለበዓል በግ ልታርድላቸው ነው፣ ቲሸርትም አሳትማላቸዋለች፣ እንዴት እንደምትሳሳላቸው!" ይኼን ስሰማ ነው ልጻፍላት ያልኩት።

በጉን እረጂ፣ ማን ይጠላል። ግን እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ ማሽን ላይ፣ ኋላ ሰው ኃይል ቢሮ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ። ሠራተኛ ደህና የሚሆነውም የሚታመመውም በበዓል ቀን አይደለም፣ በአዘቦቱ ማክሰኞ ነው።

አንዴ የእኛዎቹ የሠራተኞች ቀን ብለው ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከሉ። ኬክ አለ፣ ለስላሳ አለ፣ ሞንታርቦ አለ፣ ቲሸርት ታደለ። ሥራ አስኪያጁ "እናንተ ቤተሰባችን ናችሁ" አለ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ 9 ሰዓት ላይ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ዕቃው ነገ ስለሚጫን ዛሬ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ትርፍ ሰዓት አለ አላቸው። ኦቨርሎክ፣ የጨርቁን ጠርዝ እየቆረጠ የሚሰፋው ማሽን ላይ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ሕፃኗን ጎረቤት ትታ ነው የምትመጣው፣ ጎረቤቲቱ ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ወደ ራሷ ሥራ ትሄዳለች። ስልክ በር ላይ ስለሚቀመጥ መደወል አትችልም። ልጅቷ አዲሱን ቲሸርት ለብሳ፣ በሁለት እጇ ጨርቁን እየገፋች እንባዋን በትከሻዋ ስትጠርግ አየኋት። ኦቨርሎክ ደግሞ ቢላዋ አለው፣ ጣት አይምርም። ያንን ኬክ የዚያን ቀን ጠላሁት።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓታቸውን አክብሪላቸው። የሚቀጥለውን ሳምንት ፕሮግራም ቅዳሜ ለጥፊላቸው፣ ትርፍ ሰዓት ካለ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ተናገሪ፣ አልችልም ያለችሽን አታኩርፊያት። ሕጉንም አንብቢው፣ አሁን አሠሪ ነሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ትርፍ ሰዓት ቢበዛ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ነው። ክፍያው ቀን ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። ነፍሰ ጡር ማታ አትሠራም። ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት፤ አባትየውም ሦስት ቀን አለው፣ ወንዶቹ ራሳቸው አያውቁትም። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። በሐኪም ወረቀት ሲታመሙ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች ግማሽ። ይኼ እንግዲህ ችሮታ አይደለም፣ ግዴታሽ ነው። ይኼን ሳታሟዪ በግ ብታርጂ በልተውልሽ ያሙሻል፣ እውነታቸውን ነው።

አሁን የማወራሽን ስታነቢ አትሳቂ። ሽንት ቤት።

እኛ ጋ አንድ ላይን፣ ማለት አንድ የማሽን መስመር፣ ላይ ሠላሳ ሰው ይሠራል፣ ለሠላሳው አንድ ካርድ ነበረ። አረንጓዴ፣ በላስቲክ የታሸገ፣ ገመድ ያለው፣ ሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛ ጎን ሚስማር ላይ የሚንጠለጠል። መሄድ የፈለገች አንገቷ ላይ አጥልቃ ትወጣለች፣ ሌላዋ እሷ እስክትመለስ ትጠብቃለች። የቆየችበት ሰዓት ይጻፍባታል። ልጆቹ ምን ዘየዱ? ውሃ መጠጣት ተዉ። የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ከደሴ ጋቢ ደርበሽ ወጥተሽ ሐረጎን ወርደሽ ስትጨርሺ ላብ በላብ ነሽ፣ በዚያ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በዚያ ላይ የካውያ እንፋሎት። እዚያ ውስጥ ከጠዋት እስከ ምሳ ጠብታ ውሃ ሳይቀምሱ ይሠራሉ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን "እነዚህ ልጆች ለምንድን ነው የሚቀሩት" እያልን ስብሰባ እንቀመጣለን። የክሊኒካችን ነርስ ናት መዝገቧን አቅፋ መጥታ "ከአንድ ላይን ብቻ ለስንት ሰው ነው ያው መድኃኒት የምጽፈው?" ያለችን። እሷው ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አቀረበች። ካርዱ ተነሳ፣ ላይኑ ጫፍ ላይ የውሃ ጀሪካን ከነኩባያው ተቀመጠ። ምርት ይወርዳል ተብሎ ነበር፣ አልወረደም። የወጣው ወጪ የጀሪካኑ ዋጋ ነው።

ቁርስም እንደዚሁ። አብዛኞቹ ልጆች ከገጠር የመጡ ናቸው፣ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው በጨለማ የሚወጡ። በባዶ ሆድ ይመጡና 4 ሰዓት ገደማ ማሽኑ ላይ ይዝለፈለፋሉ። በፊት ስኳር በጥብጠን አጠጥተን ወደ ማሽኗ መመለስ ነበር። አሁን 3 ሰዓት ላይ ሻይ በዳቦ አለ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይሠራል፣ ዓርብ ለጁምዓ የምሳ ሰዓት ይረዝማል፣ በረመዳን ፈረቃው ለአፍጥር እንዲመች ይሆናል። ወሎ ላይ ይኼን ያልገባው ሰው ምኑን ሠራተኛ አስተዳደረ! አንቺም ጠይቂያቸው፣ ሃያ ሰው ለመጠየቅ አንድ ከሰዓት አይፈጅም።

እኔን ከሁሉም የከበደኝ ግን አፍ ነው። ሱፐርቫይዘር የሚሆነው ማነው? ፈጣን ሰፊ የነበረ። በፍጥነት መስፋትና ሰው መያዝ ምን አገናኛቸው? "አንቺ ደንቆሮ" ይላል፣ የተበላሸውን ሸሚዝ ፊቷ ላይ ይወረውራል፣ ታርጌቱ ስለሞላ ማንም ምንም አይለውም። ሥልጠና ሰጠናቸው። የተለወጠ አለ፣ ወደ ማሽኑ የተመለሰም አለ። ስለ ለከፋና ስለ መነካካት ደግሞ ሕጉ ራሱ ይከለክላል፣ ግን ልጅቷ የምትነግረው ሰው ከሌለ ሕጉ ምን ይሠራላታል? የሚነገረው ሰው ሱፐርቫይዘሩ እንዳይሆን ብቻ። ሴት ብትሆን ይሻላል፣ ሚስጥር የምትይዝ።

ሚስጥር ስል፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሥራ ስንጀምር ጀነሬተር በተነሳ ቁጥር ደንግጠው ማሽን ሥር የሚገቡ ልጆች ነበሩ። ፋብሪካው አማካሪ አመጣላቸው፣ ይኼ እንኳ ያስመሰግነዋል። ግን የት አስቀመጡት? የሰው ኃይል ቢሮ አጠገብ፣ መስታወት ግድግዳ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ለመግባት መዝገብ ላይ ስም እየጻፉ። ማን ይገባል? ሰውዬው ጋዜጣ ሲያነብ ከረመ። ኋላ ክሊኒኩ ውስጥ ተደረገ፣ ራሱን ያመመውም ሌሊት የሚቃዠውም በአንድ በር የሚገባበት። ስም መጻፍም ቀረ። ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ።

አንዴ ሆቴል ወስደው አሠለጠኑን። አሠልጣኙ የዓለም ጤና ድርጅትን ጠቅሶ፣ ዓለም በድብርትና በጭንቀት የተነሳ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ያጣል፣ ኪሳራው 1 ትሪሊዮን ዶላር ነው አለን። አለቃችን ማስታወሻ ሲይዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደግሞ ክፉ ወሬ አትደብቂያቸው። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ልብስ ከምንልክላት ዕድል፣ ስታስወጣን ትዕዛዝ ይቀራል ተባለ፣ ቢሮው ግን ዝም። ዝም ሲባል ሰው የራሱን ይፈጥራል፣ ነገ ሊዘጋ ነው፣ ደመወዝ ሊበላ ነው እየተባለ እንቅልፍ የሚያጣው ብዙ ነበር። ትዕዛዝ ካለሽ አለ በይ፣ ከሌለም የለም በይ። ደመወዝ በቀኑ ክፈዪ፣ በአምስት ቀን ብታዘገዪ ልጆቹ አራጣ አበዳሪ ጋ ነው የሚሄዱት። ስለ ደመወዙ መጠን አልመክርሽም፣ ለግል ድርጅት በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ከኅሊናሽ ጋር ተነጋገሪ።

የምወደውንም ልንገርሽ እንጂ፣ ሙሉ ደብዳቤ ብሶት ሆነ። አንድ ጥበቃ እናቱ ሐይቅ ሞቱበት። ሕጉ ሦስት የሥራ ቀን ይሰጠዋል፣ እሱን ማንም ይሰጣል። ፋብሪካው ግን ሰርቪሱን ነዳጅ ሞልቶ ለለቅሶ ፈቀደ፣ ፈረቃ ያልገባው ሁሉ ተሳፈረ። ሥራ አስኪያጁም አብሮን መጣ፣ ያው የድንኳኑ ሰውዬ። አማርኛው ስብር ስብር ያለ ነው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጦ፣ ንፍሮ ዘግኖ፣ ምንም ሳይናገር አመሸ። ያ ጥበቃ ከዚያ ወዲህ ፋብሪካውን የሚያማ ሰው ካገኘ ይጣላል። የእኛ እድርም ከዚያ በኋላ ነው የተጠናከረው፣ እኛ እናዋጣለን፣ ፋብሪካው መኪናና ድንኳን ይሰጣል። አንቺም ሠራተኞችሽ እድር ካቋቋሙ ገንዘቡን አትያዢባቸው፣ መኪና ብቻ ስጫቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። የባልሽን ወንድም ሱፐርቫይዘር ልታደርጊው ነው አሉ። ሆጤ ሜዳ ላይ ዳኛ የደበደበው እሱ አይደለም እንዴ? እንደው በናትሽ ግዢ ላይ አድርጊው፣ ወይ ዕቃ ያድርስ። ይኼ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም፣ ቁጥሬን እናትሽ ጋ ትቼልሻለሁ፣ ደውዪ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ከዚያ በፊት ሰርቪስ ውስጥ ነኝ፣ ጫጫታ ነው።

ያቺው ጓደኛሽ
ከደሴ