1977 ዓ.ም.? በማን አቆጣጠር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ «ሙዚቃዊ ስልት» ያወጣችሁትን ዘገባ ቁርሴን ትቼ አነበብኩት። ዘፋኝ የሌለው፣ አንዲት የግጥም ስንኝ የሌለበት ሙዚቃ እንዴት በሰው ሁሉ ጆሮ ገብቶ እንደቀረ ልትነግሩን ነው ብዬ። እናንተ ግን «በ1977 ዓ.ም. የተቀዳ» ብላችሁ አረፋችሁት።

በ77? በድርቁ ዓመት? ያኔ እኮ ሙዚቃውን የተጫወተው ዋሊያስ ባንድ አሜሪካ ሄዶ፣ ኦርጋን ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያንና ግርማ በየነን ጨምሮ ገሚሱ እዚያው ከቀረ ቆይቷል። ጉዞው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ታዲያ ማን ተጫወተው? በስልክ ተቀናብሮ ነው?

ነገሩ ቀላል ነው። ሙዚቃው ያለበት «ቼ በለው» የተሰኘው አልበም የወጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ 1969 ወይም 70 መሆኑ ነው። ከፈረንጅ ስትገለብጡ «እ.ኤ.አ.»ን መንገድ ላይ ጥላችኋታል።

«ሰባት ስምንት ዓመት ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። 69 እና 70 ቀይ ሽብር ነው። ሰዓት እላፊ ነው። ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ሳይነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ግጥም ሳንሱር አለበት፤ ኦርጋንና ሳክስፎን ግን ምናቸው ይሰረዛል? ይህቺ የራሴ ግምት ናት። ዓመቱን ካዛባችሁት ግን ለመገመትም አይመች።

የሙዚቃውን ሠሪዎች ስትጠሩ «ኃይሉ መርጊያ እና ሌሎች» ያላችኋትማ አንጀቴን አሳረረችው። የዜማው ደራሲ ግርማ በየነ «ሌሎች» ውስጥ ነው። በአልበሙ ላይ ቫይብራፎን የተጫወተው ሙላቱ አስታጥቄም ሳይቀር «ሌሎች» ውስጥ ነው! ደህና ሰው አጠራቅማችኋል።

እኔም እዚያው ነኝ። በወጣትነቴ ሳክስፎን የነፋሁበት አንድ ካሴት አለ። ሽፋኑ ላይ የዘፋኙን ፎቶ ያነሳው ሰው ስም በደማቁ ተጽፏል። የኛ ተራ ሲደርስ «እና ሌሎች» ይላል። ለልጄ ሳሳየው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «አባዬ፣ የቱ ጋ ነህ?» አለኝ። በጣቴ «ሌሎች» የምትለዋን አሳየሁት።

እርማቱን ስታወጡ ግርማን በስሙ ጥሩት። «እ.ኤ.አ.»ንም መልሷት። ሦስት ፊደል ናት፤ ማስታወቂያ አታጣብብባችሁም።

አንድ የድሮ ሳክስፎን ነፊ