ለሙሉዬ፣ ክረምቱ ሳይገባ

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙሉዬ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ከሚከብደኝ ልጀምር። ለጋሼ ለቅሶ አልደረስኩም። ስልክ እንኳ አልደወልኩም። አርባቸውም ሙት ዓመታቸውም አለፈ፣ እኔ ድምፄ የለም። ይቅር በይኝ። ምክንያት ብደረድር ይበልጥ አፍራለሁ። ስንገናኝ አንገትሽን አቅፌ አለቅሳለሁ። አሁን ግን የምለምንሽ ነገር አለኝ። ጠፍቼ ከርሜ በልመና መምጣቴ ያሳፍረኛል፤ ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው ግን የለኝም።

ነፍሰ ጡር መሆንሽንም የሰማሁት ከሰው ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው አሉኝ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ በደስታ። «እኔ ልጅ አልወልድም፣ የእናንተን እያባበልኩ እኖራለሁ» ያልሽው የት ገባ? የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ለሚወለድ ልጅ ስንት ጋቢ እንደሚያስፈልግ አስበሻል? አንዱን እኔ አመጣለሁ። ይሄን ወሬ ስንገናኝ እንጨርሰዋለን።

የጭንቀቴ ነገር እማዬ ናት።

ባለፈው ሳምንት ወደ ቆላው ወርጄ ነበር። መንገዱ እንዴት እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ደረስኩ። የጣርማበርን ዋሻ ስንወጣ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፣ ደብረ ሲና እስክንደርስ ከፊታችን ያለውን አናይም ነበር። ቤት ስደርስ እማዬ ደጅ ቆማለች። ስማኝ፣ አገላብጣ ስማኝ ስናበቃ በሩን ለመዝጋት ስትታገል አየሁ። አልዘጋ አላት። በገመድ ከምሰሶው ጋር አሰረችው።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«እንጨቱ አብጦ ነው።»

ክረምቱ ገና አልገባም እኮ ሙሉዬ። እንጨቱ ምን ጠጥቶ ያብጣል?

በነጋታው ጓሮ ዞርኩ። ከጌሾው ስር ጀምሮ እስከ ቁልቋሉ አጥር ድረስ መሬቱ ተሰንጥቋል። እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ ነው። ተንበርክኬ እጄን ሰደድኩት፣ እስከ ክርኔ ገባ። ውስጡ ይቀዘቅዛል። ያ በልጅነታችን ተደፍተን የምንጠጣው ምንጭም ከድንጋዩ ስር መፍለቁን ትቷል። አሁን ሃያ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ያውም ደፍርሶ።

እማዬ «መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፣ ዛሬ አየሽው እንዴ?» አለችኝ። መረሬ አፈር በበጋ እንደሚሰነጠቅ እኔም አውቃለሁ። የመረሬ ስንጥቅ ግን እንደ መረብ ነው፣ በየአቅጣጫው ይሄዳል። ይሄኛው አንድ ነው፣ ረዥም ነው። ደግሞ የታችኛው ጎኑ ከላይኛው ዝቅ ብሏል። ቤታችን ያለው በታችኛው ጎን ነው።

የይዛባን ነገር መቼም አልረሳሽውም። በ1998 መስከረም፣ ገና የእንቁጣጣሽ አበባ ሳይጠወልግ፣ መሬቱ ከነቤቱ ከነማሳው ተንሸራቶ ሄደ። እኛ ከማዶ ሆነን አይተናል። ጎጆውን ያጣው ሰው በየዘመዱ ሲበተን አይተናል። እማዬም አይታለች። ያኔ ስታለቅስ የሰማኋት እሷው ናት ዛሬ «የኛ መሬት እንደሱ አይደለም» የምትለኝ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ከማላዊ ከተመለስኩ በኋላ ለምን ዝም እንዳልኩ ያኔ ይገባሻል። ይቅርታ እንድታደርጊልኝ ብዬ አይደለም። የማወራው ነገር ስላልነበረኝ ሳይሆን ከጀመርኩ የማቆም ስላልመሰለኝ ነው።

ስሄድ ቦሌ የሸኘሽኝ አንቺ ነሽ። ለኮሌራ ሥራ ነበር የሄድኩት። ብላንታየር የምትባል ከተማ ውስጥ ነበርን። ኮረብታማ ከተማ ናት፤ ተራራዎቿን ሳይ አገሬ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ሀብታሙ ሜዳው ላይ ይሠራል፣ ድሃው ተራራውን ቆርጦ ገደሉ ላይ ይሠራል። ቺሎብዌ የሚባለው ሰፈር ሶቼ ከሚባል ተራራ ስር ተለጥፎ ነበር። ዛፉ ለማገዶ አልቋል። ከሰፈሩ በላይ ያለው ራቁቱን የቀረ አፈርና ድንጋይ ነው።

እዚያ ሳለን ስለ አንድ አውሎ ነፋስ እንሰማ ነበር። ፍሬዲ ይሉታል፣ የሰው ስም። ጥር 29 ቀን 2015 ከአውስትራሊያ ሰሜን ምዕራብ ባሕር ላይ ተነሳ። የሕንድ ውቅያኖስን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠው። የካቲት 14 ማዳጋስካርን መታ፣ በሦስተኛው ቀን ሞዛምቢክ ገባ። እንዲህ ያለ ነፋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው። የብስ ላይ ሲወጣ ጋዙ እንዳለቀ ኩራዝ እየደከመ ይጠፋል። ሁላችንም «በቃ፣ አለቀ» አልን።

አላለቀም። ዞሮ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ መካከል ያለው ውሃ ሞቃት ነው፤ እዚያ እየተንፏቀቀ እንደገና በረታ። መጋቢት 2 ቅዳሜ ዕለት ሞዛምቢክን ሁለተኛ መታና ወደ ደቡብ ማላዊ መጣ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 36 ቀን ቆየ። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት በኋላ አጣርቶ ከተመዘገቡት ሁሉ ረዥም ዕድሜ ያለው ነው ብሎታል። ከዚያ በፊት የነበረው 30 ቀን ገደማ ነው።

ነፋሱ አይደለም የፈጀን፣ ሙሉዬ። ይሄን ነው ለማንም ማስረዳት ያቃተኝ። «አውሎ ነፋስ» ስትይው ሰው ጣራ ሲገነጠል፣ ዛፍ ሲነቀል ይታየዋል። ነፋሱ ከላይ የሚገፋው ሲያጣ መሄዱን ይተዋል። አንድ ቦታ ላይ ይጎለታል። እዚያው ሆኖ ባሕር ላይ የተሸከመውን ሁሉ ያወርዳል። ዶፍ ቢሆን ጥሎ ያልፍ ነበር። ይሄ ግን አላባራ አለ። ሲዘንብ ውሎ ሲዘንብ ያድራል። ሌሊት ስነቃ ቆርቆሮው ላይ ያው ድምፅ ነው። የስድስት ወር ዝናብ በስድስት ቀን ወረደ ተባለ። መሬት ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ይጠግባል። ሲጠግብ ይከብዳል። ገደል ላይ ያለ ደግሞ ሲከብድ የሚሄደው ወደ ታች ነው።

እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ነው ተራራው የወረደው። የመጻጉዕ እሑድ ነበር። እኔ ያለሁበት ቤት ሜዳ ላይ ስለሆነ ምንም አልሆንኩም። ጠዋት መብራት የለም፣ ውሃ የለም፣ ስልክ አይሠራም። በእግራችን ወጣን። ሰፈር የነበረበት ቦታ ላይ ቀይ ጭቃ ብቻ አለ። በጭቃው ውስጥ ቤት የሚያካክሉ ድንጋዮች ተተክለዋል። ሰዉ በዶማ፣ በአካፋ፣ በእጁ ይቆፍራል። ዝናቡ እየዘነበ ነው።

አንድ ልጅ አየሁ። ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጓል። ከቤታቸው የቀረው የበሩ መቃን ነው፤ እሱን ይዞ ቆሞ ይጣራል። በእነሱ ቋንቋ እናት «አማይ» ናት። «አማይ! አማይ!» ይላል። ለእኔ ጆሮ «እማዬ» ነው። ቀና ብዬ አየሁት፣ የአገሬን ልጅ የሰማሁ መስሎኝ። አንድ አዛውንት መጥተው ከመቃኑ ሊያላቅቁት ሞከሩ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው የፈቱት።

እናቱ ትገኝ አትገኝ አላውቅም። ወደ ካምፑ ተጠራን። ትምህርት ቤቶቹ በሙሉ መጠለያ ሆነው ነበር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንትና ስንት ቤተሰብ። ኮሌራው ደግሞ አልሄደም፤ ጉድጓዱ ሁሉ በጎርፍ ተሞልቷል። ሥራችን በእጥፍ ጨመረ። ማላዊ ብቻዋን 679 ሰው ሞቶ ተመዘገበ። 537 ሰው ደግሞ የገባበት ጠፋ። ከ650 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ወጣ።

ከተመለስኩ በሁለት ወሬ ጋሼ አረፉ። መርዶውን ስሰማ ተነስቼ ልብስ ለበስኩ፣ በር ላይ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለ። ሙሾ መስማት አልቻልኩም። ይኸው ነው። ነገርኩሽ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 የጎፋውን ናዳ ስሰማ ደግሞ ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። ያንን ቀበሌ ታስታውሺዋለሽ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤት ሮጦ መጣ። ሁለተኛው ናዳ የመጣው በረዳቶቹ ላይ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው። የኛ ሰውም እንደዚያው ነው፤ ጩኸት ሲሰማ ማን ቤቱ ይቀመጣል? አንቺስ ትቀመጫለሽ?

ባለፈው ሳምንት ይሄን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት። ቡና እያፈላች ሰማችኝ። ስለ ልጁ ስነግራት እንባዋ መጣ። «ምስኪን» አለች። ከዚያ ሲኒውን ሰጠችኝና «እዚያ እኮ ባሕር አለ ልጄ፣ እኛ ጋ ባሕር የለም» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ባሕር የለንም። ፍሬዲ እኛ ጋ አይመጣም። ግን የሩቅ ነፋስ እኛ ጋ ደርሶ አያውቅም? የአጎትሽን ማሽላ የበላው አንበጣ ትዝ ይልሻል? በ2012 ጥቅምት ሸዋ ሮቢት ወርደን ቆርቆሮ ስንደበድብ ድምፃችን የጠፋው? የዚያ አንበጣ ነገር የጀመረው በ2010 እና በ2011 ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረቢያን በረሃ አጥለቅልቀው ነው። እርጥቡ አሸዋ ላይ ተራብቶ ተራብቶ በየመንና በሶማሌ አድርጎ መጣ። ይሄን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ብዙ ወሬ አበዛሁባት።

ለእኛ ደግሞ ናዳ ለማምጣት አውሎ ነፋስ አያስፈልግም። ከሐምሌ እስከ መስከረም የማያባራ አንድ ሳምንት ይበቃል። ገደሉ አለ፣ ስንጥቁ አለ። ውሃው ስንጥቁ ውስጥ እንደ ቦይ ይገባል። እኔ የምፈራው ይሄንን ነው።

ለቀበሌ አመለከትኩ። «እናየዋለን» አሉኝ። ባለሙያ እስኪመጣ ክረምቱ አይጠብቅም። አዲስ አበባ ውሰጃት እንዳትዪኝ ደግሞ፣ ነይ ብዬ ለምኛታለሁ። ላሟን ለማን ትታ? ቤተ ክርስቲያኑ? የአባዬ መቃብር? «ዝናብ ፈርታ አገሯን ጥላ ሄደች ልባል?» አለችኝ። እማዬን ታውቂያታለሽ። ፍርሃት ከቤቷ አያስወጣትም።

አራስ ግን ታስወጣታለች።

ይኸው የመጣሁበት ነገር። ደውይላት ሙሉዬ። «እማማ፣ እናት የለኝም፣ የሚያርሰኝ የለም» በያት። ውሸት አይደለም። እትዬ ካረፉ ጀምሮ አንቺን ያየችሽ እንደ ልጇ ነው፤ እኔን ስትቆጣ «ሙሉ ብትሆን እንዲህ አታደርግም» እያለች ነው። አንቺ ከጠራሽኝ ብላ ቅቤውን፣ የአጥሚቱን እህል፣ የገንፎውን ዱቄት ተሸክማ ከች ትላለች። ሴት ከወለድሽ ሰማንያ ቀን፣ ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ክርስትናው እስኪያልፍ አትንቀሳቀስም። ያኔ ነሐሴ ያልፋል፣ ምናልባት መስከረምም ይጋመሳል። ቀደም ብላ እንድትመጣ ሐምሌ መባቻ ላይ «ከብዶኛል» በያት።

ስለ ስንጥቁ አታንሺባት። ስለ እኔ ደብዳቤም አትንገሪያት።

ላሟን የእህቴ ልጅ ይጠብቃል። እሱም ሌሊት እዚያ ቤት እንዳያድር አስምዬዋለሁ፤ ላይ ሸንተረሩ ላይ አጎቴ ቤት ያድራል። ወጪውን ሁሉ እኔ እልካለሁ፣ በዚህ አትከራከሪኝ። ቤትሽ ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ። ባልሽንም ሳልጠይቅ ይሄን ማለቴ ከብዶኛል። እምቢ ካልሽም አልቀየምሽም፤ ብቻ ቶሎ ንገሪኝና ሌላ መላ ልፈልግ።

የምትደውዪው ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ በዚያ ሰዓት ላሟን አስገብታ አጥሩ ጋ ትቀመጣለች፣ እዚያ ይይዛል። ካላነሳች ደጋግመሽ ሞክሪ። ስልኩን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነው የምትይዘው፣ ቶሎ አትሰማውም።

ከመምጣቴ በፊት ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ካስማ ተክዬ ነበር። በመካከላቸው ልክ ሦስት ስንዝር ነው፣ በዘንግ ለክቼ ምልክት አድርጌበታለሁ። ልጁ በየእሑዱ እየለካ እንዲደውልልኝ ነግሬዋለሁ። ትናንት ደወለ። ገና አንድ ቀን ማታ ብቻ ነው የዘነበው። «አክስቴ፣ ዘንጉ ሁለት ጣት አጠረ» አለኝ።

እህትሽ