«ስሙ ከተማውና ዶላሩ ላይ ብቻ ቀረ» ላላችሁት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ዋሽንግተን ስም አመጣጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ብቻዬን አይደለም ያነበብኩት። ጮክ ብሎ ያነበበልኝ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናንተ ገጽ አንድ ጽሑፍ እየመረጥኩ አማርኛ አለማምደዋለሁ። እየተንተባተበ መጨረሻው አካባቢ ሲደርስ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ልጅ ስላልነበረው ስሙ ከተማውና አንድ ዶላሩ ላይ ብቻ ቀረ የምትለዋን አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «እኛስ?» አለኝ።

ልጄ ዋሽንግተን ነው። እህቱም፣ አባቱም፣ አያቱም። ባለቤቴ እዚሁ ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ጠብ የለኝም። ስሙ ከሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከደርሃም አካባቢ ከነበረች መንደር መምጣቱ እውነት ነው። በ1180ዎቹ ዊልያም የሚባል ባላባት ከሃርትበርን ወደዚያች መንደር ሲዛወር የመንደሯን ስም ለራሱ አደረገው (ዓመቶቹን እንደ እናንተው በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የሱፍ ነጋዴው ሎውረንስ በ1539 ሰልግሬቭ የሚባለውን የእንግሊዝ ርስት መግዛቱም፣ ከዘሩ ጆን የተባለው በ1650ዎቹ ቨርጂኒያ መግባቱም ልክ ነው። ጥሩ ጽፋችሁታል። ግን ለአንዲት የእንግሊዝ መንደር ሦስት አንቀጽ ያገኘ ሰው፣ ዛሬ ስሙን ይዘው ለሚኖሩት ሰዎች እንዴት አንድ መስመር ያጣል?

በ2000 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ዋሽንግተን የሚባሉ 163,036 ሰዎች ተቆጥረዋል። ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ጥቁሮች ናቸው። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፣ መንግሥት ያወጣው ቁጥር ነው። እሱም ቢቀር ዴንዘል ዋሽንግተንን የማያውቅ ማን አለ? እናንተም ታውቁታላችሁ። ታዲያ እሱ ስሙን ከዶላሩ ላይ አነሳው?

በነጮቹ በኩል እንኳ አባባላችሁ አይሠራም። ጆርጅ የአብራኩ ልጅ አልነበረውም፣ ወንድሞች ግን ነበሩት፣ እነሱም ወልደዋል። ጆርጅ ይኖርበት የነበረውን የማውንት ቨርነን ርስት ቤት የወረሰው የወንድሙ ልጅ ቡሽሮድ ዋሽንግተን ነው። ልጅ አለመውለድ ሌላ፣ ስም መጥፋት ሌላ።

እኔን ግን ያመመኝ ሌላው ነው። አንድ ጊዜ የልጄን ሰነድ ላስተረጉም የሄድኩበት ቢሮ ያገሬ ልጅ ወረቀቱን አየና «የእውነት ስሙ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። በሴቷ ልጄ ክርስትና ላይ ደግሞ አንዲት የማከብራቸው እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ የባሪያ ስም ለልጅ ይሰጣል? ያባትሽን ስም ስጫት» አሉኝ። እንግዳ ፊት ምን እላለሁ? ዝም አልኩ። ያኔ መልሱንም አላውቀውም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቴን፣ አማቴን፣ ያገኘሁትን ሁሉ መጠየቅ የጀመርኩት።

መልሱ ይኸውና። በ1799 ማውንት ቨርነን ውስጥ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በኑዛዜው ነፃ ይውጡ ያላቸው የራሱ የሆኑት 123 ናቸው። ስሙ የመጣው ከእነዚህ ሰዎች ብቻ አይደለም። ብዙው ሕዝብ የጌታውን ስም ተለጥፎበት ሳይሆን፣ ባርነት ሲያበቃ ራሱ መርጦ ነው የያዘው። አገሩን የመሠረተውን ሰው ስም ይዞ «እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝ» ያለ ሰው ነው።

ታዋቂውን ጥቁር አሜሪካዊ መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተንን ውሰዱ። በባርነት ተወለደ፣ በልጅነቱ ነፃ ወጣ። ትምህርት ቤት ሲገባ ሌሎቹ ልጆች ሁለት ስም አላቸው፣ እሱ ቡከር ብቻ ነው። ስም ሲጠራ ተራው ደረሰና «ቡከር ዋሽንግተን» አለ። የእንጀራ አባቱ መጠሪያ ስም ደግሞ ዋሽንግተን ነበር። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኛስ ሁለተኛ ስማችንን ከየት ነው የምናመጣው? ከአባታችን መጠሪያ ስም አይደለም እንዴ? ያ ልጅ ያደረገው እኛ ቤት በየቀኑ የሚደረገውን ነው።

ሃሪ ዋሽንግተን የሚባልም ነበር። ከጋምቢያ አካባቢ ተሽጦ የመጣ፣ የጆርጅ ዋሽንግተንን ፈረሶች ይንከባከብ የነበረ ሰው። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ፣ በ1776 አምልጦ ከእንግሊዞቹ ጋር ተቀላቀለ። ከዚያ ወደ ካናዳ፣ በ1792 ደግሞ ወደ ሴራሊዮን ሄደ፣ ስሙን እንደያዘ። የእንግሊዟ መንደር ስም እንዲህ ተመልሶ አፍሪካ ገባ። ስለ ስሙ መስፋፋት የሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከየት ያገኛል?

የጽሑፉ አዘጋጅ ክፋት አስቦ ነው አልልም። ግን እኛ አበሾች እዚህ አገር የምንኖረው፣ የምንሠራው፣ ልጅ የምናስተምረው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው። የብዙዎቻችን ልጆች ደግሞ ራሳቸው እነዚህ ሰዎች ናቸው። ጎረቤታችሁን ሳታዩ ስለ ስሙ አትጻፉ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር አስተካክሉልኝ። «ብቻ» የምትለዋን አውጧት፣ ስሙን ማን እንደያዘው ጨምሩበት። ልጄን ቅዳሜ እንደገና አስነብበዋለሁ።

አንዲት እናት፣ ከቨርጂኒያ