ሚያዝያ ላይም ኑ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ጋዜጣችሁን የማነበው ደንበኞቼ ጥለውት ሲሄዱ ስለሆነ አንዳንዴ የሦስት ቀን ወሬ ነው የሚደርሰኝ፤ አትቀየሙኝ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ግን አዲሱም አሮጌውም ወሬ አንድ ይሆንብኛል፦ እዚህ ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ተተከለ፣ እዚያ ያን ያህል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህን ሳላነብ ያለፈ ክረምት የለም።

መትከሉን አልነቅፍም፤ እኔም ተክያለሁ። ካቻምና ክረምት ከሰፈሩ ሰው ጋር ወጥተን ከከተማው ወጣ ያለ አንድ ተዳፋት ላይ በጭቃ እየተንሸራተትን ስንተክል ዋልን። ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦና ለስላሳ ታደለን፣ ገባን። በዓመቱ ሚያዝያ ለፋሲካ ዘመድ ሊጠይቅ ከገጠር ከመጣ አጎቴ ጋር በዚያው በኩል ሳልፍ ተዳፋቱ ላይ የቆመው ደረቅ ጭራሮ ብቻ ነበር። አጎቴ ጎንበስ አለና አንዱን በሁለት ጣቱ ስቦ አወጣው። ጥቁሩ ፕላስቲክ አልተቀደደም። ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ከረጢቱ ውስጥ እንደ ክር ጉንጉን ተጠምጥሟል።

«ይኸን እኮ ከፍናችሁ ነው የቀበራችሁት፣ ልጄ» አለኝ።

የእኔ እጅ የተከለው ይሁን የሌላ ሰው አላወቅሁም። ፕላስቲኩን ቅደዱ ያለን ሰው መኖሩም ትዝ አይለኝም፤ ኖሮም ከሆነ ለፎቶው ስንጋፋ አልሰማነው ይሆናል።

የዚያን ክረምት ዘመቻ አልወጣሁም። ቡና ከምሸጥበት ፊት ለፊት አንድ ዋንዛ ተከልሁ። አንድ ብቻ። ፕላስቲኩን በምላጭ ቀድጄ፣ አፈሩን ሳልበትን። ዋንዛ የመረጥሁት አጎቴ ማሳው መካከል አንድ ትልቅ ዋንዛ ስላለው ነው። በሬ ሲጠመድ እሱን ዞሮ ይታረሳል እንጂ ሲቆረጥ አላየሁም። ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ያለማል፣ አበባው ለንብ ነው፣ ፍሬውን ልጅና ወፍ ይሻሙበታል። ከበሮውም ከሱ ይጠረባል። ባሕር ዛፍን ጠልቼ አይደለም፣ የተከራየሁት ቤት ማገር እሱ ነው፤ ምንጭ ዳር ሲተከል ግን ያናድደኛል።

በጋው ያስቸግራል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሳሙና ያልነካውን የስኒ እጣቢ እሱ ሥር ነው የምደፋው፤ የቡናውንም አተላ አፈሩ ላይ እበትነዋለሁ። ደንበኞቼ ከቡናው በፊት ውሃ ይጠጣሉ፤ የብርጭቆውን ትራፊ ድሮ አስፋልት ላይ ነበር የሚረጩት። መጀመሪያ እኔ ተቀብዬ ወሰድሁ፤ ኋላ ራሳቸው እየተነሡ ማፍሰስ ጀመሩ። አሁን አንድ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ቡና ባይጠጣም እንኳ ሲያልፍ ቆም ብሎ የሃይላንዱን ቅሪት ገልብጦለት ይሄዳል። በገበያ ቀን ደግሞ ጠላቱ አህያ ነው። ሰው እህሉን ሊሸጥ ሲገባ አህያውን ያገኘው ነገር ላይ ያስራል። አንዴ ልጣጩን ላጥ አድርጋብኝ አለቀስሁ ብል ማን ያምነኛል? በአጋም እሾህ አጠርሁት። አሁን ወገቤን አልፏል።

በእኛ በጎጃም የደብሩ ቅጥር ውስጥ ያለው ወይራና ጥድ ቆሞ ዙሪያው ለምን ተመለጠ ብትሉ፣ እዚያ የድንጋይ ካብ አለ፣ ከብት አይገባም፣ መጥረቢያ ይዞ መግባትም ያስፈራል። የሚጠብቀው ሰው አለዋ!

ስለ ፌስታልም ጥቂት ልበል። እናቴ ገበያ የምትወጣው ቅርጫት አንጠልጥላ ነበር፤ የቆሎ ተማሪውም አኩፋዳውን አይለይም። ዛሬ ግማሽ ኪሎ ቲማቲም በአንድ፣ ሦስት ራስ ሽንኩርት በሌላ። ክረምት ሲመጣ ቦዩን ይደፍንና ጎርፉ ደጄ ድረስ ይመጣል፤ የተረፈው ወደ ጨሞጋ፣ ከጨሞጋ ወደ ዓባይ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ይል ነበር። መለኪያው የለኝም። ስኳሬን ቤት ሳያደርስ የሚቀደደውን ግን እሱ ነው እላለሁ። ለደንበኞቼ ቆሎ የምሰጠው በስፌት ነው፣ የሚቀየም አላገኘሁም።

አሁን የምለምናችሁን ልንገራችሁ። ሰኔ ገብቷል፤ ከወር በኋላ ጋዜጠኞቻችሁ እንደ ልማዳችሁ ተከላ ሊዘግቡ ይወጣሉ። የሄዱበትን ቦታ ስም መዝግባችሁ አስቀምጡልን። ከሐምሌ እስከ ሚያዝያ ዘጠኝ ወር ነው፣ እናት የምታውቀው ቁጥር። ያኔ ያንኑ ጋዜጠኛ እዚያው ቦታ ላኩና ከተተከለው ስንቱ እንደ ጸደቀ ቆጥሮ ይጻፍ፤ የደረቀውንም ፎቶ በዚያው ገጽ አውጡት። ስንት እንደሚሞላ አላውቅም፤ ፕላስቲኩን ቅደዱ ብሎ የሚጮህ ሰው ግን በሚቀጥለው ሐምሌ አይጠፋም።

መንገዳችሁ በእኛ ከተማ ከሆነ ቡናው በእኔ ነው። የብርጭቆውን ትራፊ የት እንደምትደፉት አሳያችኋለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ማርቆስ