ሳልነግረው ወሰድኩት

ለአዘጋጁ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ስለ ሃሎዊን፣ በጥቅምት ሰው ጭራቅ መስሎ ስለሚያስፈራራበት የፈረንጆች በዓል፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ነገሩ የሰይጣን በዓል ስለሆነ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያርቁ ይመክራል። የምጽፈው ከእሱ ጋር ለመከራከር አይደለም፤ የሃይማኖቱን ለአባቶች እተዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በራሴ ቤት የደረሰ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምኖረው ጀርመን አገር ዳርምሽታት ከተማ ነው። ከከተማችን በስተደቡብ ጫካ የለበሰ ተራራ አለ፤ ተራራው ላይ ደግሞ የፍራንከንስታይን ግንብ ፍርስራሽ ቆሟል። ሃሎዊን ሲደርስ ቅዳሜና እሑድ ማታ ማታ ግንቡ የጭራቅ መናኸሪያ ይሆናል። ጭምብል ያጠለቁ ተዋንያን በየጥጉ አድፍጠው ሰው ያስደነግጣሉ። ይህን እዚህ የጀመሩት በ1970ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። የአሜሪካ ጦር ዳርምሽታትን በ2008 ለቆ ወጥቷል። በዓሉ ግን ሥር ሰዷል፤ ዛሬ ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ሰው ይመጣለታል።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ውሰጂኝ» ስትል ቆይታ ዘንድሮ እሺ አልኳት። የእህቴ ልጅ ደግሞ እኛ ጋ ከመጣ ገና ወራት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከቤት አይወጣም፣ ብዙም አያወራም። እሱም ይዝናና ብዬ ይዤው ሄድኩ። ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «አሮጌ ግንብ ነው፣ ወጣቶች ይጫወቱበታል» አልኩት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

በሩን እንዳለፍን ጢሱ ዋጠን። ማማዎቹ ላይ ቀይ መብራት ተለቆባቸዋል። ፊቱ የተተለተለ አንድ ሰው ከግድግዳ ጥግ ብቅ ብሎ ልጄ ላይ ጮኸባት። እሷም ጮኸች፣ ወዲያው ደግሞ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ደንግጬ ሳቅኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይላል። ልብ ድው ድው ይላል፣ ከዚያ ቅልል ይላል። ልጆች ለምን እንደሚወዱት በደንብ ገባኝ።

የእህቴ ልጅ ከኋላችን ነበር። ሰንሰለት ድንጋይ ላይ ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ የሆነ የብረት በር ጓ ብሎ ተዘጋ። ዞር ስል የለም። ሰዉን እየገፋን ፈለግነው። ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ አገኘነው። አይጮህም፣ አያለቅስም። አንድ የዓረብኛ ቃል ብቻ ይደጋግማል። «ኸላስ፣ ኸላስ» ይላል። በቃ፣ በቃ ማለት ነው።

ሰንሰለቱን ይጎትት የነበረው ተዋናይ ነገሩ ገባው። ሰንሰለቱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና ጭምብሉን አወለቀ። ከሥሩ ላብ ያጠመቀው ለጋ ወጣት ወጣ። ራቅ ብሎ በርከክ አለና ባዶ እጆቹን ዘርግቶ አሳየው። «ጨዋታ ነው፣ አልቋል» አለው በጀርመንኛ። ከዚያ ጸጥ ወዳለ ቦታ ወስደውን ውሃ ሰጡን። ያን ልጅ እግዜር ይስጠው። ክፋት አልነበረበትም፤ ሥራውን ነበር የሚሠራው።

የእህቴ ልጅ በሊቢያ በኩል ነው የመጣው። ቤኒ ወሊድ በምትባል የሊቢያ ከተማ፣ የሰው አሻጋሪዎች መጋዘን ውስጥ ታጉሮ ወራት ቆይቷል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ማን እንደሚገባና ምን ይዞ እንደሚገባ ያውቃል። እኛም እናውቃለን፤ እየተገረፈ ሲደወልልን ስልኩን ያነሳነው እኛ ነን። የማስለቀቂያውን ገንዘብ ለማሟላት ከዘመድ አዝማድ የለመንነው እኛ ነን። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ ያን ማታ ሳልነግረው የወሰድኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ አለኝ። «አክስቴ፣ ብትነግሪኝ እኮ እችለው ነበር።»

ይህቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

ልጅ ሆነን አያቴ ማታ ማታ ምድጃ ዳር የጭራቅ ተረት ትነግረን ነበር። ጭራቁ በጨለማ ሲመጣ፣ የሰው ሥጋ ሸተተኝ ሲል፣ እኛ ተራ በተራ ጋቢዋ ውስጥ እንገባለን። አንዳንዴ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ አጃቢ እንፈልግ ነበር። በማግስቱ ግን ያንኑ ተረት ድገሚልን ብለን እንለምናታለን። አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከአንዲት ቃል ነበር። እሷ «ተረት ተረት» ትላለች፣ እኛ «የላም በረት» እንላለን። ይህን ከተባባልን በኋላ የሚመጣው ጭራቅ የእኛው ጭራቅ ነው፤ እሺ ብለን ያስገባነው ነው። ልጄ ግንቡ በር ላይ ስትደርስ ያቺን ቃል ታውቃት ነበር። የእህቴን ልጅ ግን «ተረት ተረት» ያለው ሰው አልነበረም።

ግንቡን አስጠላሁባችሁ እንዳይሆን። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱ ራሱ «በቀን ልየው» አለኝ፤ ሦስታችንም ሄድን። በቀን መግቢያው በነጻ ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ ከላይ የራይን ወንዝ ሜዳ ተንጣሎ ይታያል። ልጄ ያገኘችውን ሁሉ ከስልኳ እያነበበች ተረጎመችልን። ግንቡ በጽሑፍ መጀመሪያ የተጠቀሰው በ1252 ነው። ስሙም የፍራንኮች ድንጋይ ማለት ነው፤ ፍራንኮች የጥንት የጀርመን ነገድ ናቸው። ያ በ1818 የወጣው «ፍራንከንስታይን» የሚባለው ዝነኛ የጭራቅ ልብ ወለድ ስሙን ከዚህ ግንብ ወሰደ የሚሉ አሉ፤ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። እነዚያ ፎቶ ላይ የሚያምሩት ሁለት ማማዎችም በ19ኛው መቶ ዘመን የታደሱ ናቸው።

የእህቴን ልጅ የያዘው ሌላው ታሪክ ነው። ባለቤቶቹ ግንቡን በ1662 ከሸጡት በኋላ ቦታው መጠጊያና ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል። በ1673 እዚያ የተወለደው ዲፕል የሚባል ኬሚስትም ጦርነት ሸሽተው ከተጠለሉ ወላጆች የተገኘ ነው ይባላል። «ስደተኞች ነበሩበት ማለት ነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ዞረው።

ሌላም አለ። የአካባቢው ሰው ጌኦርግ የሚባል የግንቡ ባላባት ዘንዶ ገድሎ አንዲት ቆንጆ አዳነ ብሎ ይተርካል። ዘንዶው ግን እየሞተ በመርዘኛ ጅራቱ ወጋው ይላሉ። ልጄ ይህን ስታነብ የእህቴ ልጅ ማተቡን ያዝ አድርጎ «ጊዮርጊስና ብሩታዊት!» አለ። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

አዘጋጅ ሆይ፣ ልመናዬ ይህ ነው። በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ አጭር ማሳሰቢያ አውጡልን። በአማርኛም፣ ከተቻለ በትግርኛም ይሁን። አዲስ መጥቶ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ያለ ልጅ ጓደኞቹ ይዘውት ከመሄዳቸው በፊት ያንብበው። ጭራቆቹ ተዋንያን መሆናቸውን፣ የሰንሰለትና የጩኸት ድምፅ እንዳለ፣ በፈለገ ሰዓት እጁን አንስቶ «ይበቃኛል» ማለት እንደሚችል ይወቅ። አልሄድም ቢልም ነውር እንደሌለው ይነገረው። ታኅሣሥ 22 ማታ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31፣ እዚህ አገር መንገዱ ሁሉ ርችት ነው፤ ድምፁ ጥይት ነው የሚመስለው። ከጦርነት ቦታ ለመጣ ሰው ይህም ቀደም ብሎ ሊነገረው ይገባል። ማሳሰቢያውን አውጡት እንጂ ጽፌ የምልከው እኔ ነኝ።

ወላጆችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጆቻችሁን ከከለከላችኋቸው ምክንያቱን ንገሯቸው። ከፈቀዳችሁላቸው ደግሞ አብራችሁ ሂዱ። ልጄ ያን ማታ ስትደነግጥ ይዛ የነበረው የእኔን ክንድ ነው፤ በነጋታው ጥፍሯ ያረፈበት ቦታ ይታይ ነበር።

ለከርሞም መሄድ ትፈልጋለች፤ እወስዳታለሁ። የእህቴን ልጅ ከአሁኑ ጠይቄዋለሁ። «እኔ ከታች አውቶቡሱ ጋ እጠብቃችኋለሁ» ብሎኛል።

አንባቢያችሁ
ከዳርምሽታት፣ ጀርመን