አባዬ የወደዳት ቃል

ውዴ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የእማማን ለቅሶ በስልክ እንኳን በቅጡ አልደረስኩም። አፍሬ ዝም አልኩ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ አፈርኩ። ይቅር በይኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ ነገር ሆድ ሆዴን እየበላኝ ነው።

አባዬ እኔ ጋ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከመጣ ሁለት ወር ሆነው። ሚሚ አራት ዓመቷን ያዘች። ከሥራ ገብቼ ራት እስካደርስ ቴሌቪዥኑን እከፍትላታለሁ። የምታየው ፔፓ ፒግን ነው፤ የእንግሊዝ ነው፣ ስለ አንድ የአሳማ ቤተሰብ። አንዱ ክፍል 5 ደቂቃ ነው፣ ሲያልቅ ሌላው ይከተላል። ደም የለበት፣ ድብድብ የለበት ብዬ ልቤን ጥዬ ነበር።

ባለፈው ሰሞን አባዬ ጋቢውን ደርቦ ሶፋው ላይ ሊቀመጥ ሲል፣ ሆዱን በጣቷ ነካ አድርጋ "ሲሊ አባባ! ቢግ ተሚ!" አለችው። ፔፓ አባቷን እንደምትለው፣ በዚያው ቅላጼ። ቂላቂል፣ ቦርጫም ማለቷ እኮ ነው! አባዬ ወደ እኔ ዞሮ "ምን አለችኝ?" አለ። ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝ "እወድሃለሁ ነው ያለችህ" የሚል ሆነ።

ፊቱን ብታይው! ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው "እስቲ ያችን ቃል ድገሚልኝ" ይላታል። ትደግምለታለች። አሁንማ እሱም ለምዶ "ሲሊ ሚሚ" ይላታል። ለእማዬም ደውሎ ነግሯታል። አባዬን ታውቂዋለሽ፤ ፊቱ እግርሽን አጣምረሽ ስለተቀመጥሽ ስንት ቀን የተቆጣሽ ሰው ነው። እሱን በገዛ ቤቴ በየቀኑ ማሰደቤ እንቅልፍ ነሳኝ።

ፕሮግራሙ ክፉ ነው አልልም። እዚያ አባትየው ራሱ ይስቃል፣ ማንም አይቀየምም። ለእነሱ ፍቅር ነው መሰለኝ። ልጄ ግን ቃሉን ብቻ ይዛ መጣች። እኛ ደምና ራቁት እንዳያዩ ስንጠብቅ፣ አባት እንዴት እንደሚናገሩት በየት በኩል እንደሚገባ ልብ አላልንም። የእንግሊዝ ወላጆች "መኪና ውስጥ ቀበቶ አያስሩም" ብለው ቢያማርሩ፣ ሠሪዎቹ ቀበቶ ጨምረው እንደገና ሳሉት። በፈረንጆቹ 2012 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ "ሸረሪት አትጎዳም" የሚለውን ክፍል ከአየር አወረዱት፤ እዚያ መርዛም ሸረሪት አለቻ። የእኔን ሸረሪት ለማን ልንገር?

እናንተ ቤት ትዝ ይልሻል? አባባ ተስፋዬ "ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" ሲሉ ብድግ ብለሽ እጅ ትነሺ ነበር፣ ከሳጥኑ ውስጥ የሚያዩሽ መስሎሽ። ስንቴ ሳቅኩብሽ! በ2009 ሲያርፉ ግን ትልልቅ ሴቶች ሆነን ተቃቅፈን አለቀስን። ለሚሚ ፀሐይ መማር ትወዳለችን ሞክሬላት ነበር። ቀጭኔዋን ወዳታለች፤ አማርኛው ስለማይገባት ግን ቶሎ ትተወዋለች።

እና... እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ይህን ሲለምን ይከብዳል። የእማማን ተረቶች በድምፅሽ ቀድተሽ በቴሌግራም ብትልኪልኝ? ያን የጅቡንና የአህያዋን፣ እንቅልፍ እስኪጥለን የምትደጋግምልንን። ጅብ ስትሆኚ ድምፅሽ የድመት ነው፣ እሱ ግድ የለም። ሐዘኑን የሚቀሰቅስብሽ ከሆነ ግን ተይው፣ አልቀየምሽም።

አባዬ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ያልገባትን ይፈታላታል። ለመሄድ አንድ ወር ቀርቶታል። እውነቱን ልንገረው አልንገረው፣ አልቆረጥኩም።

እማዬ ጋ ብቅ ስትዪ "ሲሊ" ካለችሽ፣ በሞቴ፣ ፍቺውን አትንገሪያት።

ያንቺው