ስንት ፐርሰንት ሳይሆን ምን ምንን ይጠብቃል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለተጓተቱ የውሃ ፕሮጀክቶች በጻፋችሁ ቁጥር አንድ ነገር አይቀርም፦ ግንባታው ይህን ያህል ፐርሰንት ደርሷል። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በገጠር ውሃ ሥራ የምተዳደር መሐንዲስ ነኝ። ይህ ቁጥር ውሃው መቼ እንደሚመጣ አይነግረኝም።

የሠራሁበትን አንድ ፕሮጀክት ላንሳ። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ታንከሩ ቆሟል፣ ቧንቧው እስከ ቦኖው ተዘርግቷል። የኤክሴሉ ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። የቀረው ትራንስፎርመር ብቻ ነበር። ትራንስፎርመሩ እንዲታዘዝ ግን የፓምፑ አቅም መታወቅ አለበት። ፓምፑ የሚመረጠው ደግሞ ጉድጓዱ ምን ያህል ውሃ እንደሚሰጥ ተለክቶ ነው። የልኬቱ ውጤት አንድ ቢሮ ውስጥ ፊርማ እየጠበቀ ተቀምጧል። በሰንጠረዡ ላይ ፊርማውና ትራንስፎርመሩ የተራራቁ ሁለት መስመሮች ናቸው። ማን ያገናኛቸው? ሕዝቡ ባዶ ቦኖ እያየ ከረመ።

የሶፍትዌር ሰዎች ለዚህ መላ አላቸው። ሬድማይን የሚባለው የሥራ መከታተያ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በነፃ ይገኛል። እያንዳንዱ ሥራ ቲኬት፣ ማለትም የራሱ መዝገብ፣ ይከፈትለታል፤ ከዚያ «ይህ ከዚያ ይቀድማል» ወይም «ይህ ያንን አግዷል» ተብሎ ይያያዛል። ሥራዎቹን በቀን መስመር ላይ በአግድም በሚደረድረው ጋንት ቻርት ላይ ማያያዣው በመስመር ተስሎ ይታያል። የቀዳሚው ሥራ ማብቂያ ሲገፋ የተከታዩ መጀመሪያም አብሮ ይገፋል። የታገደ ሥራ፣ ያገደው ሳይዘጋ አይዘጋም። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ስለሚጫን ኢንተርኔት ቢጠፋም በቢሮው ኔትወርክ ይሠራል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። «የሚሠራ፣ በመሠራት ላይ፣ ያለቀ» እያለ ካርድ የሚደረድረው የካንባን ሰሌዳ ብቻውን ይህን አያሳይም።

ሶፍትዌሩ የማያውቀው ክረምታችንን ነው። በዋልካ መሬት ላይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የጫነ መኪና ሰኔ ከገባ መንቀሳቀስ አይችልም። ግንቦት ላይ ሁለት ሳምንት የዘገየ ፊርማ ምሰሶውን ጥቅምት ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ መንገዱ የሚደርቅበትን ቀን በእጃችን ማስገባት አለብን። ሁሉንም ከሁሉም ማያያዝም አይረዳም፤ መስመር በመስመር ሆኖ ማንም አያነበውም። በእውነት የሚጠባበቁት ብቻ ይያያዙ። ፊርማ የሚጠብቅ ወረቀትም የራሱ ቲኬትና ኃላፊ ይኑረው። እኛ ጋ ሥራ የሚቆመው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ዘጋቢዎቻችሁን አንድ ነገር እለምናለሁ። ቀጣዩን የፕሮጀክት ኃላፊ ስታነጋግሩ ፐርሰንቱን ተዉትና «አሁን የቆመው ሥራ ምን እየጠበቀ ነው? እሱስ በማን እጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁልን። መልሱንም አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
የውሃ ሥራ መሐንዲስ፣ ከፍኖተ ሰላም